ክሬዲት ካርድ ለምን አልይዝም? ለወንድሜ የሰጠሁት መልስ

ለገሃር ማዶ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ከአሜሪካ ጠቅልዬ ወደ ድሬዳዋ ከተመለስኩ ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ባለፈው ሳምንት ከታናሽ ወንድሜ ጋር ከዚራ ሠፈር ካለ ዛፍ ጥላ ሥር ቡና እየጠጣን ሳለ የክሬዲት ካርድን ነገር አነሳ። «ገንዘብ ሳይኖርህ ትገዛለህ፣ በኋላ ትከፍላለህ። እኛ አገር በሰፊው ሲመጣ ቀድሜ የማወጣው እኔ ነኝ» አለኝ። መልሴ ረዘመና ቡናችን ቀዘቀዘ። ይህን የሚጠይቀኝ እሱ ብቻ ስላልሆነ የነገርኩትን እዚህ አሰፍረዋለሁ።

ቨርጂኒያ ውስጥ 11 ዓመት ኖሬያለሁ። የመጀመሪያውን ካርድ ያወጣሁት በገባሁ በሁለተኛው ዓመት ነው፤ የብድር ጣሪያው 3,000 ዶላር ነበር። ለአንድ ዓመት ያህል ቤንዚንና አስቤዛ ብቻ እየገዛሁበት በወሩ መጨረሻ ሙሉውን እከፍል ነበር። ያን ጊዜ ብትጠይቁኝ መልካም ነገር ነው እላችሁ ነበር።

ከዚያ እናቴ ታመመች። እኅቴ ከድሬ ደውላ እናታችን ለሕክምና አዲስ አበባ መሄድ እንዳለባት ነገረችኝ። በእጄ ገንዘብ አልነበረም። ካርዱን ማሽን ውስጥ ከትቼ 2,000 ዶላር ጥሬ ገንዘብ አወጣሁ። በክሬዲት ካርድ ጥሬ ገንዘብ ማውጣት ዕቃ ከመግዛት የተለየ ሕግ እንዳለው አላውቅም ነበር። ወዲያውኑ 5 በመቶ፣ ማለትም 100 ዶላር፣ ለአገልግሎት ተጨመረብኝ። ዕቃ ሲገዛ የሚሰጠው ከወለድ ነጻ የሆነ ጊዜም ለጥሬ ገንዘብ አይሠራም፤ ወለዱ መቁጠር የጀመረው ከዚያው ቀን ነው። እናቴ ታክማ ዳነች፣ እግዚአብሔር ይመስገን። የላክሁት ገንዘብ አይቆጨኝም። የሚያንገበግበኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው።

ሙሉውን መክፈል ስላቃተኝ በየወሩ «ዝቅተኛ ክፍያ» የሚባለውን ብቻ መክፈል ጀመርኩ። ሙሉውን የማይከፍል ሰው አዲስ በሚገዛው ዕቃ ላይ እንኳን ከወለድ ነጻ የሆነውን ጊዜ ያጣል። ዳቦውም ወተቱም ከተገዛበት ቀን ጀምሮ ወለድ ይቆጥራል። በዚህ መሀል ከባንኩ ደብዳቤ መጣልኝ። ክፍያዬን ሳላስተጓጉል በመቆየቴ የብድር ጣሪያዬ ወደ 8,000 ዶላር ከፍ ማለቱን ያበሥራል፤ «እንኳን ደስ ያለዎት» ይላል። ውኃው አንገቴ ጋ ደርሶ ሳለ ጉድጓዱን አጠለቁልኝ። እኔም ደብዳቤውን እንደ ምስጋና ቆጥሬው ነበር።

ዕዳው 6,000 ዶላር የደረሰ ጊዜ አንድ ማታ የሂሳብ መግለጫውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ መስመር በመስመር አነበብኩት። ወለዱ በዓመት 24 በመቶ ነው፤ በወር 2 በመቶ። ስለዚህ ለወለድ ብቻ በወር 120 ዶላር ይሄዳል። ዝቅተኛው ክፍያ የወሩ ወለድና ከዋናው ዕዳ አንድ በመቶ ተደምሮ 180 ዶላር ነበር። ከ180 ዶላር ውስጥ ዕዳዬን የሚነካው 60 ብቻ ነው ማለት ነው። ከታች በሳጥን ውስጥ ማስጠንቀቂያ አለ። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ የአሜሪካ ሕግ ባንኮች እንዲጽፉት ያስገድዳል። ዝቅተኛውን ብቻ እየከፈልኩ ብቀጥል ምንም ሳልገዛበት ዕዳው የሚያልቀው በ18 ዓመት፣ በጠቅላላው ከ16,000 ዶላር በላይ ከፍዬ ነው ይላል። በአጠገቡ ሌላ መስመር አለ፦ በየወሩ 235 ዶላር ብከፍል በ36 ወር ይዘጋል።

በ180ና በ235 መካከል ያለው ልዩነት 55 ዶላር ነው። በ3 ዓመትና በ18 ዓመት መካከል የቆመችው እሷ ናት። ምስጢሩ ዝቅተኛው ክፍያ ባለበት አለመቆሙ ነው። ዕዳው በቀነሰ ቁጥር እሱም አብሮ ስለሚቀንስ ሰውየው ቀለል ያለለት እየመሰለው ዕድሜውን በዕዳ ይፈጃል። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በማግስቱ ካርዱን በመቀስ ቆረጥኩት። ሦስት ዓመት ቅዳሜና እሑድ ታክሲ እየነዳሁ ጨረስኩት።

አሁን ወደ ዋናው ሐሳቤ ልምጣ። አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። ደመወዝ እስኪወጣ መጋላ ካለ አንድ ሱቅ በዱቤ እንወስድ ነበር። አንድ ቀን ስኳር ተልኬ ስሄድ ባለ ሱቁ ደብተሩን ገልጦ ብዙ ቆየና «ልጄ፣ የፊተኛው ሳይዘጋ አይሆንም ብሎሃል ብለህ ለአባትህ ንገረው» አለኝ። በጣም አፍሬ ተመለስኩ። አባቴ ግን አልተቆጣም። በዚያ ወር ሲጋራውን ተወ። ያ ባለ ሱቅ ቤታችንን፣ የአባቴን ደመወዝ፣ የልጆቹን ቁጥር ያውቅ ነበር፤ ዕዳችን ሲበዛ ስላየ ደብተሩን ዘጋብን። የቨርጂኒያው ባንክ ዕዳዬ ሲበዛ ጣሪያውን ከፍ አደረገልኝ። ከዕዳ ሁሉ አብልጬ የምፈራው አበዳሪው እኔን የማያይበትን ዕዳ ነው።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? በተለይ በዱቤ የምትሸጡ ነጋዴዎች ብትጽፉ ደስ ይለኛል።

ሒሳብ ሠራተኛዋ (ሳቢያን)

ወንድሜ፣ እናታችን እንኳን ዳኑልህ። ስሌትህን ወረቀት ላይ ሠርቼ አየሁት፤ ልክ ነው። ወለዱን ብቻ ለሚከፍል ሰው ደግሞ 18 ዓመትም አይበቃውም። 120 ዶላሩን እየከፈለ 10 ዓመት ቢቆይ 14,400 ዶላር ከፍሎ 6,000ው እንዳለ ይጠብቀዋል።

ለአንባቢ አንድ ነገር ላብራራ። አብዛኞቻችን ኪስ ውስጥ ያለው የኤቲኤም ካርድ ክሬዲት ካርድ አይደለም። በእሱ የምናወጣው የራሳችንን ገንዘብ ነው፤ ሲያልቅ ያልቃል። ይህን የምለው አንዳንድ ሰው «ካርድ ክፉ ነው» ሲባል ሰምቶ ገንዘቡን ወደ ፍራሽ ሥር እንዳይመልስ ብዬ ነው።

የክሬዲት ካርዱ ነገር እንዴት እንደተጀመረም ማወቅ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1958 ባንክ ኦፍ አሜሪካ ካሊፎርኒያ ውስጥ ባለችው ፍሬዝኖ ከተማ ለ60,000 ያህል ሰዎች፣ አንዳቸውም ሳይጠይቁ፣ ካርድ በፖስታ ላከላቸው። ዛሬ ቪዛ የምንለው ከዚያ ካርድ የወጣ ነው። ሳይጠየቅ ካርድ መላክ በሕግ የተከለከለው ከ12 ዓመት በኋላ፣ በ1970 ነው። ከዚያ ደግሞ የወለዱ ነገር መጣ። ብዙ ክፍለ ግዛቶች የወለድ ጣሪያ ነበራቸው። በ1978 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አንድ ባንክ የተቋቋመበትን ክፍለ ግዛት የወለድ ሕግ ይዞ በሌላው ማበደር ይችላል ብሎ ወሰነ። ሳውዝ ዳኮታ በ1980 ጣሪያዋን አነሳች፤ ትልቅ የካርድ ባንክ ወዲያው ሥራውን ወደዚያ አዛወረ። 24 በመቶ የሚባል ወለድ ሕጋዊ ሆኖ እያንዳንዱ ቤት የገባው በዚህ መንገድ ነው።

የእኛ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በሰዎች መካከል በሚደረግ ብድር ከ12 በመቶ የዓመት ወለድ በላይ መዋዋልን አይፈቅድም። አንተ የከፈልከው የዚያ እጥፍ ነው። እዚህ ሰው ለሰው በዚያ ወለድ ቢያበድር አራጣ ብለን እንጠራው ነበር።

መጋላ ተወልጄ አሌክሳንድሪያ

ለገሃር ማዶ፣ የደረሰብህን ሳነብ አዝኛለሁ። ነገር ግን እኔ እዚሁ ቨርጂኒያ ነኝ፤ ለ9 ዓመት ካርድ ይዤ አንድ ሳንቲም ወለድ አልከፈልኩም። በየወሩ ሙሉውን እዘጋለሁ። ይህን የምጽፈው ለመኩራራት አይደለም። እዚህ የሚመጡ የድሬና የሐረር ልጆች ያንተን አንብበው ካርድ የሚባል አንነካም ቢሉ ይጎዳሉ ብዬ ነው።

ካርድ ይዘህ በወቅቱ ስትከፍል የብድር ታሪክ ይመዘገብልሃል። ይህ ታሪክ የሌለው ሰው እዚህ ቤት ሲከራይ ይቸገራል፤ አከራዩ ቀድሞ የሚያየው እሱን ነው። መኪና በብድር ሲገዛ ታሪክ የሌለው ሰው የበለጠ ወለድ ይጣልበታል። ሌላም አለ። ካርድህ ቢሰረቅና ሌላ ሰው ቢገዛበት ሕጉ ከ50 ዶላር በላይ አያስከፍልህም። ከባንክ ሂሳብህ ጋር የተያያዘው ካርድ ቢሰረቅ ግን ባንኩ አጣርቶ እስኪመልስልህ ድረስ የጎደለው የራስህ የቤት ኪራይ ነው። ይህ በእኔ ላይ ደርሷል፤ ሁለት ሳምንት ከጓደኛ ተበድሬ በላሁ።

ስለዚህ ጥፋቱ የካርዱ ሳይሆን የአያያዙ ይመስለኛል።

ለገሃር ማዶ

እኅቴ፣ ስለ ቤት ኪራይና ስለ ስርቆት ያልሽው እውነት ነው። እዚያ የሚኖር ሰው አንድ ካርድ ይዞ፣ ከኤሌክትሪክ ሂሳብ በቀር ሌላ ሳይከፍልበት፣ በየወሩ ቢዘጋው አልቃወምም። ለወንድሜም ይህንኑ ብዬዋለሁ።

በአያያዝ ብቻ ነው ያልሽውን ግን አልቀበልም። እኔም አንድ ዓመት እንዳንቺ በደንብ ይዤው ነበር፤ የለየን አንድ የስልክ ጥሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 አጋማሽ የአሜሪካውያን የካርድ ዕዳ ከአንድ ትሪሊዮን ዶላር በላይ ሆኗል። ይህ ሁሉ ሕዝብ አያያዝ የማያውቅ ነው ማለት ይከብደኛል።

ካርዱ ራሱ ገንዘብ የያዘን እጅ ያላላል። ኤምአይቲ በሚባለው ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተመራማሪዎች ያደረጉትና እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ ሙከራ አለ። ለተማሪዎች የቅርጫት ኳስ ትኬት በጨረታ አቀረቡ። ለገሚሶቹ በጥሬ ገንዘብ፣ ለገሚሶቹ በክሬዲት ካርድ ትከፍላላችሁ አሏቸው። የካርዶቹ ተጫራቾች ከጥሬ ገንዘቦቹ እጥፍ ያህል ዋጋ ሰጡ። ትኬቱ ያው ትኬት ነው። መቶ ብር ከኪስ ሲወጣ ሰው ይሰማዋል፤ ኪሱ ይቀልላል። ካርዱ ተሰጥቶ ሲመለስ ያው ካርድ ነው፤ ምንም የጎደለ አይመስልም።

ለካርድ ያዥ የሚሰጠው ሽልማትም ቢሆን ከሰማይ አይወርድም። ነጋዴው በካርድ ከተከፈለው ላይ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 በመቶ ያህል ይቆረጥበታል፤ ያንን ዋጋ ላይ ይጨምራል። ካርድ የሌላት የጽዳት ሠራተኛም ያንኑ ዋጋ ከፍላ ትገዛለች።

ባለ ሱቁ (ቀፊራ)

ልጄ፣ ነጋዴ ይጻፍ ስላልክ ልጻፍ። ቀፊራ አጠገብ ሱቅ ከከፈትኩ ከ30 ዓመት በላይ ሆኖኛል። ዕድሜዬን በሙሉ በዱቤ ሸጫለሁ። ደብተሬ ሁልጊዜ ባለ ሰማያዊ መስመር፣ ጠንካራ ልባስ ያለው ነው። በመደርደሪያው ላይ ከሻይ ቅጠሉ ጎን ይቀመጣል። ስም አልጽፍም ነበር፤ «የልብስ ሰፊው ባለቤት»፣ «ፎቅ ያለችው አዴ»፣ «የመንታዎቹ አባት» እያልኩ ነው የምጽፈው። ሌላ ሰው ደብተሩን ቢያይ የማን ዕዳ እንደሆነ እንዳያውቅ ብዬ ነው።

ደንቤ አንድ ነው። ዘይት፣ ስኳር፣ ዱቄት፣ ሳሙና እጽፋለሁ። ሲጋራና ለስላሳ አልጽፍም። አንዳንዱ ይቀየመኛል፤ ይቀየመኝ። ቤት የሚያሳድረውን እንጂ ቤት የሚያፈርሰውን በዱቤ አልሸጥም።

አንተ «አበዳሪው የሚያየው ዕዳ» ስትል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ሲወጣ የሆነውን የድሬ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ከ200 በላይ ነፍስ ጠፍቷል። ጎርፉ ሱቄን ጠርጎ ሄደ። እኔና ቤተሰቤ ተርፈናል፣ አልሐምዱሊላህ። ጠዋት ስመለስ የቀረው በሩና አንድ ሚዛን ነው፤ ሚዛኑም ጭቃ ሞልቶታል። ደብተሩ የለም። ማን ምን እንደወሰደ እኔ በቃሌ አላውቅም። ወደ 40 የሚሆን ቤት ዱቤ ነበረበት።

በሁለተኛው ሳምንት ጭቃውን እየጠረግሁ ሳለ ልብስ ሰፊው መጣ። «ባለቤቴ ያለባት 86 ብር ነው፤ አሁን 30 አለኝ» ብሎ እጄ ላይ አስቀመጠ። እኔ ከነጭራሹ ረስቼዋለሁ። ከዚያ በኋላ አንድ አንድ እያሉ መጡ። አንዷ ራሷ ቤቷ ፈርሶባት ድንኳን ውስጥ ነበረች፤ ያለባትን ነግራኝ «ጻፈው፣ እንዳትረሳው» አለችኝ፤ አዲስ ደብተር ገና ስላልገዛሁ በካርቶን ላይ ጻፍኩት። የአንዱ ሟች ወንድም መጥቶ የወንድሙን ዕዳ ጠየቀኝ፤ የለበትም አልኩት። ነበረበት። ሁሉም ግን መጣ ብዬ አልዋሽም። ዘጠኝ አሥር ቤት ሳይመጣ ቀርቷል፤ አንዳንዶቹን እስከ ዛሬ መንገድ ላይ አገኛቸዋለሁ፤ ሰላምታ እንለዋወጣለን።

የባንክ ኮምፒውተር አይረሳም፤ በጎርፍም አይወሰድም። ግን ድንኳን ውስጥ ላለች ሴት «ስትችዪ» የሚላትም የለም።

የገንደ ቆሬዋ

የጋሼን ጽሑፍ እያነበብኩ አልቅሻለሁ። የእኔ ትዝታ ግን ሌላ ስለሆነ እሱንም መጻፍ አለብኝ፤ አለዚያ ዱቤ ሁሉ እንዲህ ያለ ይመስላል።

በእኛ ሠፈር የነበረው ባለ ሱቅ ደብተሩን የሚከፍተው ሱቁ ሲሞላ ነበር። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ ባዶ የዘይት ጠርሙስ ይዤ እቆማለሁ። ሌሎቹን አስተናግዶ ሲጨርስ ጮክ ብሎ «የእናትሽ ስንት ደረሰ?» ይለኛል። ሰው ሁሉ ዞሮ ያየኛል። የምንወስደው ዘይት ደግሞ በጥሬ ገንዘብ ለሚገዛው ከሚሸጥበት ዋጋ ይበልጥ ነበር። ወለድ ብሎ አልጻፈውም እንጂ ወለድ ነው። እናቴ በመጨረሻ ያን ሱቅ ላለማየት ዘይት የሌለው ሽሮ ሠርታ አብልታናለች። አንድ ወር ሙሉ።

ስለዚህ ወንድሜ ለገሃር ማዶ፣ አበዳሪው ያየህ እንደሆነ ይራራልሃል የሚለውን በሙሉ ልቤ መቀበል ያቅተኛል። የሚያይ ዓይን የሚያዋርድም ነው። ፊት የሌለው ብድር ብዙ ሰው የሚወደው ወለዱን ስላላወቀ ብቻ አይመስለኝም። ሳይሸማቀቅ መበደር ስለፈለገም ነው።

ለገሃር ማዶ

እኅቴ፣ ይህን አላሰብኩትም ነበር። እውነትሽን ነው። እኔ ወንድ ልጅ ሆኜ አንድ ቀን አፍሬ ተመለስኩ፤ አንቺ በየቀኑ ቆመሻል። ካርዱን ያወጣሁ ጊዜ ደስ ካለኝ ነገር አንዱ ማንንም አለመለመኔ እንደነበረም አሁን አስታወስኩ። እናቴ ስትታመም እዚያው ያሉ የድሬ ልጆችን መጠየቅ እችል ነበር፤ አዋጥተው ይሰጡኝ ነበር። አፍሬ ማሽኑ ጋ ሄድኩ። ያ እፍረት ሦስት ዓመት የቅዳሜና የእሑድ እረፍቴን አስከፍሎኛል።

ጁገል ውስጥ (ሐረር)

አሰላሙ አለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁ። የሐረር ሰው ነኝ፤ ዕድሜዬ ገፍቷል፤ የልጅ ልጄ ናት የምትጽፍልኝ።

ለእኛ ነገሩ ቁርጥ ያለ ነው። በሱረቱል በቀራ «አላህ ንግድን ፈቅዷል፣ ወለድን ግን እርም አድርጓል» ተብሏል። ስለዚህ ወለድ የሚወልድ ካርድ ስለ መያዝ ጥያቄም አላነሳም። ሰው ግን ያለ ብድር አይኖርም፤ መንገዱን መፈለግ አለበት። ዛሬ ከወለድ ነጻ የሚሠሩ ባንኮች አሉ፤ ዘምዘም ባንክ በ2013 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል፤ ሌሎቹም ለዚሁ ሥራ የተለየ መስኮት ከፍተዋል። ሙራባሃ የሚሉት ውል አለ። ባንኩ የምትፈልገውን ዕቃ ራሱ ገዝቶ ትርፉን ነግሮህ እየከፋፈልክ በምትከፍለው ዋጋ ይሸጥልሃል። ዋጋው አንዴ ከተቆረጠ አያድግም። የልጄ ባል የልብስ ስፌት መኪናዎቹን መኪና ግርግር ላይ የተከለው በዚህ ነው። ትርፉ ርካሽ ነበር አልልም፤ ነገር ግን በፈረመበት ቀን የሚከፍለውን የመጨረሻ ብር ያውቅ ነበር።

ልጄ የገንደ ቆሬዋ፣ ስለ እፍረት ያልሽው ልቤን ነካው። በእኛ ዘንድ አፎቻ የሚባል የመረዳጃ ማኅበር አለ። ሠርግም ሆነ ለቅሶ ሲመጣ አፎቻው ነው የሚሸከመው፤ የሴቶቹ ለብቻ፣ የወንዶቹ ለብቻ። አንድ ሰው ሲደርስበት አይለምንም። ተራው ሲደርስ ለሌላው የሚያደርገውን ነው ለእሱ የሚያደርጉለት። ሰው የሚያፍረው ብቻውን ሲቆም ነው።

ባለ ሦስት እግር

እኔ ባጃጅ ነው የምሠራው፤ ከሳቢያን ለገሃር። ይህን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ ጓደኞቼ እንኳን የማያውቁትን ልጻፍ።

ክሬዲት ካርድ የለኝም፤ ያለብኝ የስልክ ብድር ነው። ከስድስት ወር በፊት የባጃጁ ሞተር ተበላሸና 3,000 ብር ከስልኬ ተበደርኩ። ማንም አላየኝም፤ ዋስም አልጠየቀኝም፤ ሦስት ጊዜ ነክቼ ገንዘቡ ገባ። የአገልግሎቱ ክፍያ ተቆርጦ ስለሆነ የገባው 3,000 አልሞላም። በወሩ መክፈል ሲያቅተኝ ከሌላ አበዳሪ ወስጄ ያንን ከፈልኩ። ከዚያ ለሁለተኛው ከሦስተኛው ወሰድኩ። አሁን ሦስት ቦታ አለብኝ፤ በድምሩ 9,200 ብር። ቅጣቱ በየቀኑ ይቆጥራል። ማታ ማታ ስልኬን ባልጋ ሥር አስቀምጬ ነው የምተኛው፤ መልእክቱ ሲገባ ድምፁን እንዳልሰማ።

በአንድ ዕቁብ ውስጥ አለሁ፤ 24 ባጃጅ ነጂዎች ነን፣ በሳምንት 500 ብር እንጥላለን። ዕጣዬ ገና አልወጣም። ምን ባደርግ ይሻላል?

ሒሳብ ሠራተኛዋ (ሳቢያን)

ወንድሜ፣ መጀመሪያ አብሽር። 9,200 ብር ከባድ ነው፣ ግን አንተ ከምትፈራው ያነሰ ነው።

ዛሬ ማታ ሦስቱንም በወረቀት ጻፍ፦ ዋናው ስንት፣ በቀን የሚጨምረው ስንት፣ የመጨረሻው ቀን መቼ። በስልክ ሳይሆን በወረቀት። ከዚያ አራተኛ ብድር ላለመውሰድ ወስን፤ ለቤንዚንም ቢሆን። በቀን ብዙ የሚጨምረውን አስቀድመህ ዝጋ። ቀሪዎቹን ደግሞ ደውለህ በክፍል ልክፈል በላቸው፤ አንዳንዶቹ ይስማማሉ።

ዕቁቡ 24 በ500 ከሆነ 12,000 ብር ነው። ዕዳህን ዘግቶ ይተርፋል። ዳኛውን ሄደህ አነጋግረው። የቸገረው ሰው ተራ ሲለምን መስጠት የዕቁብ ደንብ ነው፤ ከአንተ በፊት ያልለመነ ያለ አይምሰልህ። ከደረሰህ በኋላ ግን አንድም ሳምንት አትለፍ፤ ዋስህን ታስይዛለህ።

መጋላ ተወልጄ አሌክሳንድሪያ

የባለ ሦስት እግርን አንብቤ ቀደም ሲል የጻፍኩትን እንደገና አሰብኩበት። ብድርን በብድር መክፈል እዚህም የተለመደ ነው፤ ከአንዱ ካርድ ወደ ሌላው ዕዳ ማዛወር ይባላል። ጓደኛዬ አራት ካርድ ላይ እንዲህ ስታዞር አምስት ዓመት ቆይታለች። ማንም እንዳያውቅባት ስትል እኔን እንኳን ሳትነግረኝ። እኔ ካርዴን አልቆርጥም። ግን «አያያዝ ነው» ማለቴን ትቼዋለሁ።

ባለ ሱቁ (ቀፊራ)

አንተ ባለ ባጃጅ ልጅ፣ ሱቄ ከቀፊራ ገበያ ወደ ድልድዩ ስትወርድ ነው፤ ጠይቅ ያሳዩሃል። እስክትዘጋው ድረስ የቤትህን አስቤዛ ከእኔ ውሰድ። ዋጋው ለሁሉም የምሸጥበት ነው፤ የገንደ ቆሬዋ ልጄ እንዳለችው አይደለም። ቤንዚኑን ከዕለት ገቢህ፣ የቀረውን ለዕዳው አድርገው።

ለእሷም አንድ ቃል፦ በዚያ ባለ ሱቅ ፋንታ ይቅርታ የምልሽ እኔ ነኝ። ደብተር ሰው ፊት አይከፈትም።

ባለ ሦስት እግር

ሦስት ሳምንት ቆይቼ ነው የምመለሰው። ዕቁቡ ዳኛ ጋ ሄድኩ። እየተንቀጠቀጥኩ ነው የነገርኩት። እሑድ ጠዋት ሲሰበሰቡ ራሱ ተነሥቶ «ይህ ልጅ ችግር አለበት» ብሎ ብቻ፣ ምን እንደሆነ ሳይናገር፣ ተራውን ጠየቀልኝ። ዕጣው የሚወጣለት ቀን ነው ብሎ የጠበቀ አንድ ነጂ ነበር፤ «ለእሱ ይሁን፣ እኔ የማገባው ለጥር ነው» አለ። ሁለቱን ዘግቻለሁ። ሦስተኛው በክፍል ልክፈል ስላልኳቸው እሺ ብለውኛል፤ 1,400 ብር ቀርቶታል። ከዕቁቡ የተረፈውን ለሞተሩ ጥገና አድርጌዋለሁ፤ አለዚያ ተመልሼ እዚያው ነበርኩ።

ትናንት ማታ ከዘጋሁት ከአንዱ መልእክት ገባልኝ። በወቅቱ በመክፈሌ አመስግኖ የብድር ጣሪያዬ ወደ 6,000 ብር ከፍ ማለቱን ይገልጻል። የለገሃር ማዶን ደብዳቤ አስታወሰኝ። መተግበሪያውን ከስልኬ አጠፋሁት።

ጋሼ፣ የስኳሩና የዱቄቱ 640 ብር አለብኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ይዤ እመጣለሁ፤ በጥቁር ሰሌዳ ቁጥር ነው ወይስ በስም የጻፉኝ?

ባለ ሱቁ (ቀፊራ)

«ቀዩ ባጃጅ» ብዬ ነው የጻፍኩህ። ቅዳሜ ከዙሁር ሶላት በኋላ ና፤ ከዚያ በፊት ሱቁ ይሞላል።